ስድብ በ200 ሳንቲም፦ መቀጮ የሚያስከፍል የአንድ ኦንላይን ጨዋታ ግምገማ

ለስምንት ወራት ያህል በሳምንት ሦስትና አራት ምሽት ስጫወተው የቆየሁትን አንድ ኦንላይን ጨዋታ ልገመግም ነው። ስለ ምስሉ ጥራት፣ ስለ ካርታዎቹ ስፋትና ስለ መሣሪያዎቹ አሠራር ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው። የምገመግመው በሁለተኛው ወር አካባቢ በወጣ አፕዴት የገባውን የቅጣት ሥርዓት ነው፤ ጨዋታው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሳደበውንና የሚያውከውን ተጫዋች ከማገድ ይልቅ ገንዘብ ማስከፈል ጀምሯል። ጨዋታውን ከሠራው ድርጅት ጋር በዚህ ቅጣት ላይ ያለኝ ክርክር ገና ስላልተዘጋ፣ የምናገረውም የአንድ ወገን ቃል ስለሆነ የጨዋታውን ስም አልጠቅስም።

ሥርዓቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጨዋታው አምስት ለአምስት የሚደረግ የተኩስ ውድድር ሲሆን ለመግባት ክፍያ የለውም። እያንዳንዱ አካውንት የሳንቲም ቦርሳ አለው፤ ሳንቲሙ በባንክ ካርድ ይገዛል፣ አለዚያም ብዙ ዙር በመጫወት ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ስኪን የሚባለው የተጫዋቹና የመሣሪያው ማጌጫ የሚገዛውም በዚሁ ሳንቲም ነው። አዲሱ ደንብ ለእያንዳንዱ ጥፋት ታሪፍ አወጣለት፦ በቻት ወይም በማይክ መሳደብ 200 ሳንቲም፣ ጨዋታው ሳያልቅ ጥሎ መውጣት 150፣ ሆን ብሎ የራስን ቡድን ተጫዋች መግደል 300። በአንድ ወር ውስጥ የተደገመ ጥፋት እጥፍ ያስከፍላል፤ በወር ከአንድ ሰው የሚወሰደው ግን ከ1200 አይበልጥም። ቦርሳው ባዶ የሆነ ተጫዋች ደረጃ ወደሚሰጥበት ውድድር አይገባም፤ ወይ ሳንቲም ይገዛል፣ ወይ እስኪያጠራቅም ድረስ ደረጃ በማይሰጥበት ተራ ክፍል ይቆያል። ጥፋተኛውን የሚለየው በመጀመሪያ ቻቱን የሚያነብ ፕሮግራም፣ ቀጥሎም የተጫዋቾች ሪፖርት ብዛት ነው። የተቀነሰው ሳንቲም ወዴት እንደሚሄድ ደንቡ በአንድ መስመር ይናገራል፦ ለድርጅቱ ገቢ ይሆናል። መጀመሪያ ሳነበው ይህችን መስመር ልብ ሳልላት አልፌያት ነበር።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ። ከዚያ በፊት የሌሎቹን ድምፅ ዘግቼ መጫወት ልማዴ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው እናቱ ስትሰደብ መስማት አይፈልግምና። አፕዴቱ ከገባ በኋላ ድምፁን ከፈትኩት። ሰዉ ጠላት በየት በኩል እንደመጣ ይናገራል፣ እርዳታ ይጠይቃል፣ ሌላ ነገር አይወጣውም። አንድ ምሽት ከቡድናችን አንዱ ተናዶ የጀመረውን ቃል መሃል ላይ ዋጠው፤ ከዚያም በተረጋጋ ድምፅ ይቅርታ ጠየቀ። ሽንፈት ሲሸታቸው ጥለው የሚወጡትም ቁጥራቸው በግልጽ ቀነሰ፤ አራት ሆኖ አምስትን መግጠም ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ እንዳልሆነ ይረዳል። ይህን ግምገማ በዚያን ጊዜ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ከአምስት ኮከብ አምስቱንም እሰጥ ነበር።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሰዉ ታሪፉን በቃሉ ሲይዘው ነው። አፕዴቱ በገባ በሁለተኛው ወር ላይ፣ በውድ ስኪን ያጌጠ አንድ ተጫዋች ጀማሪ መሆኗ ከአጨዋወቷ የሚያስታውቅ አንዲት ልጅን ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ሲሰድባት አመሸ። ሪፖርት እንደማደርገው ስነግረው፣ ቁጣም ድንጋጤም በሌለበት ድምፅ፣ «አድርጋ፤ ሁለት መቶ ነው፣ እከፍላለሁ» አለኝ። እውነትም ከፈለ። በማግስቱ ምሽት እዚያው ውድድር ላይ አገኘሁት። ልጅቷን ግን ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም። የመቀጮውን ሥርዓት በተመለከተ ያለኝ ፍርድ በሙሉ የመጣው ከዚህ ነው፦ ያ ሰው እንደ ራሱ አረዳድ ደንብ አልጣሰም፣ ዋጋው የተለጠፈለትን ነገር ገዛ። ሻጩም ድርጅቱ ነበር። የተሸጠው ግን የድርጅቱ ንብረት አይደለም፣ የልጅቷ ሰላም ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ከጨዋታ ዓለም ውጭም በጥናት ታይቷል። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በእስራኤል ሐይፋ ከተማ በሚገኙ 10 የሕፃናት መዋያዎች ልጆቻቸውን አርፍደው የሚወስዱ ወላጆችን ተከታትለዋል። ከ10ሩ በ6ቱ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ለሚያረፍድ ወላጅ የ10 ሼቄል መቀጮ ተደነገገ። የሚያረፍዱት ወላጆች ይቀንሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ ቁጥራቸው ጨመረ፤ ቀስ በቀስም ወደ እጥፍ ተጠጋ። መቀጮው ከተነሳ በኋላም ቢሆን ወደ ቀድሞው መጠን አልተመለሰም። ቀድሞ ያረፈደ ወላጅ ሞግዚቷን ማስቸገሩ ያሳፍረው ነበር፤ መቀጮው ሲመጣ ማስቸገሩ ዋጋ ተቆረጠለት፣ ዋጋውን የከፈለ ሰው ደግሞ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየውም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ እፍረት አንዴ በገንዘብ ከተተካ፣ ገንዘቡን ስላነሱት ብቻ ተመልሶ አይመጣም። በእኛም ጨዋታ ያየሁት ይኸው ነው። ድሮ ተሳድቦ የነበረ ሰው ጨዋታው ሲያልቅ አንዳንዴ «ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ» ይል ነበር። አሁን ይቅርታ የሚል የለም፤ ሒሳቡን ዘግቷልና።

መቀጮው ስላነሰ ነው፣ ከፍ ይበል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ከፍ ቢል የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግን ማየት ያስፈልጋል። 200 ሳንቲም እኔን በመሰለ፣ ሳንቲሙን በመጫወት በሚያጠራቅም ሰው ዘንድ የአሥር ምሽት ልፋት ነው፤ ካርዱን ላስገባ ሰው አንድ ጊዜ ጣት ማሳረፍ ነው። ፊንላንድ ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የወንጀል መቀጮን ከጥፋተኛው የቀን ገቢ ጋር አያይዛ ስታሰላ ኖራለች፤ ይህን ማድረግ የቻለችው ግን መንግሥት የዜጋውን ገቢ ከግብር መዝገብ ስለሚያውቅ ነው። የጨዋታ ድርጅት የእኔን ደመወዝ አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈቅድም። ስለዚህ ያለው ምርጫ አንድ ዓይነት ታሪፍ ለሁሉም ማውጣት ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ታሪፍ ደግሞ ድሃውን ዝም ያሰኛል፣ ለባለ ገንዘቡ የመናገሪያ ፈቃድ ይሆነዋል። በዚህ ላይ የወሩ ጣሪያ ሲጨመርበት፣ 1200 ሳንቲም የከፈለ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ያሻውን ቢናገር ከዚያ በላይ የሚነካው የለም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ይህን አስበውት ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ።

የልጆች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ከተጫዋቹ ብዙው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ነው፤ ካርዱም የእናት ወይም የአባት ነው። ልጅ ሲሳደብ ወላጅ ከፍሎ ልጁ መጫወቱን የሚቀጥልበት ቅጣት ማንን ሊያስተምር ይችላል? በልጆች ጨዋታ ላይ የወላጅ ካርድ እንዴት እንደሚጎዳ ከዚህ በፊትም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በአፕሊኬሽን ውስጥ ለፈጸሙት ግዢ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል። ያኛው ቢያንስ ግዢ ነበር። መቀጮ ሲሆን ደግሞ ወላጁ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሲጠይቅ የልጁን ጥፋት መከራከር ግድ ይሆንበታል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። በአምስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ምሽት ኢንተርኔቴ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለቱንም ጊዜ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሼ ገብቻለሁ፤ ሥርዓቱ ግን ጥሎ እንደወጣ ሰው ቆጥሮኝ መጀመሪያ 150፣ ቀጥሎ እጥፉን 300 ቀነሰብኝ። በሳምንቱ ደግሞ ለቡድን ጓደኛዬ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የጻፍኩትን ተራ ቃል ፕሮግራሙ ስድብ ነው ብሎ 200 ወሰደ። አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ በ9ኛው ቀን መጣ፤ ውሳኔው «ታይቶ እንደጸና» የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የትኛው ቃል፣ በየትኛው ሰዓት፣ በማን እንደታየ የሚል ነገር የለበትም። ድጋሚ ጻፍኩ፤ ያው ዓረፍተ ነገር ተመለሰልኝ።

የጠፋው ሳንቲም ብዙ አይደለም፤ የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራም መሳሳቱ የማይቀር ነው፣ በተለይ በብዙ ቋንቋ የሚወራበት ቦታ ላይ። በስሕተት ማይኬ ለአንድ ምሽት ቢዘጋብኝ እኔ አንድ ምሽት አጣለሁ፣ ድርጅቱም ከዚያ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ስሕተቱን ለማረም አይሰስትም። በስሕተት ገንዘብ ሲወሰድብኝ ግን አቤቱታዬን የሚመረምረው አካል፣ አቤቱታዬ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ገንዘብ የሚመልሰው ያው አካል ነው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። ፈራጁ ከፍርዱ የሚበላበት ችሎት ግን፣ ፈራጁ ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን፣ ተከራካሪው እምነት ሊጥልበት አይችልም። ይህን በመሰለ ጉዳይ ሕግም ዝም አላለም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የሸማቾች ውል መመሪያ፣ ግዴታውን ያልተወጣ ሸማች ከመጠን ያለፈ ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድድን የውል አንቀጽ ፍትሐዊ ያልሆነ ሊባል ከሚችለው ተርታ መድቦታል። የ«እስማማለሁ» ቁልፍ የተጫነ ሁሉ የተጻፈበትን ሁሉ ተሸካሚ አይሆንም ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሪፖርት ብዛት እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ሌላ በር ከፍቷል። አምስት ሆነው አብረው የሚገቡ ጓደኛሞች ያልወደዱትን ተጋጣሚ ተባብረው ሪፖርት ያደርጉታል፤ ቀድሞ ይህ ለተመታው ሰው የሚያናድድ ብቻ ነበር፣ አሁን ኪሱን ይነካዋል። አካውንቱ የተሰረቀበት ሰውማ ሌባው በስሙ ለፈጸመው ሁሉ ከፋይ ይሆናል።

መቀጮ በጨዋታ ውስጥ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ብዬ ግን አላምንም፤ ጥሩ አሠራርም አይቻለሁ። ወርልድ ኦፍ ታንክስ የራስን ወገን ታንክ መትቶ መጉዳት ይቻል በነበረበት ጊዜ፣ ጥፋተኛው በጨዋታው ውስጥ ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ ተቀንሶበት ለተጎዳው ተጫዋች ለጥገና ይሰጥ ነበር። ጂቲኤ ኦንላይን ውስጥም የሌላውን ሰው የግል መኪና ያወደመ ተጫዋች የኢንሹራንሱን ወጪ ይሸፍናል። ኤሊት ዴንጀረስ ደግሞ በጠፈር ላይ ወንጀል ለፈጸመ አብራሪ መቀጮ ይቆርጣል፣ መርከቡን ለሚያወድም ሰው የሚከፈል ዋጋም ያወጣበታል። እነዚህ ሁሉ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፦ ጉዳቱ በጨዋታው ገንዘብ ሊለካ የሚችል ነው። የተቃጠለ መኪና ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ካሳ ሊከፈልበት ይችላል። የተሰደበ ሰው ግን የትኛው ጥገና ቤት ገብቶ ይወጣል? ካሳና መቀጮ በቋንቋችን ሁለት የተለያዩ ቃላት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንደኛው ወደ ተበዳዩ ይሄዳል፣ ሌላኛው ወደ ቀጪው። እኔ የተጫወትኩት ጨዋታ የካሳን ቦታ ለመቀጮ ሰጥቶ ተበዳዩን ከመሃል አወጣው። ያቺ የተሰደበች ልጅ ከ200ው ሳንቲም አንዱን እንኳ አላገኘችም።

ለአንደበት ጥፋት ከገንዘብ ይልቅ ቦታንና ጊዜን መንሳት የተሻለ ይሠራል የሚል እምነት አለኝ። ዶታ 2 ደጋግሞ ጥሎ የሚወጣን ተጫዋች መሰሎቹ ወዳሉበት ዝቅተኛ ተራ ይልከዋል፤ ከዚያ ለመውጣትም የተወሰነ ቁጥር ያለው ጨዋታ እዚያው ማሸነፍ አለበት። ይህን በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይጠብቃል። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ባሠራው ትሪቡናል ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው የክሱን ቻት እያነበቡ ይፈርዱ ነበር፤ አዝጋሚ ስለነበር ቀረ እንጂ፣ የተቀጣው ሰው የገዛ ቃሉን መልሶ እንዲያነብ ማድረጉን እስከ ዛሬ እወድለታለሁ። እኔ ግን የተቀጣሁበትን ቃል እንኳ አላሳዩኝም።

የመቀጮ ደጋፊዎች ከሚያነሱት ውስጥ የማከብረው አንድ ክርክር አለ። መግቢያው ነፃ በሆነ ጨዋታ ማገድ ጥርስ የለውም፤ የታገደው ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላ አካውንት ከፍቶ ይመለሳል ይላሉ። እውነት ነው። ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ነፃ ሲደረግም ለነባሮቹና ለሚከፍሉት ፕራይም የተባለውን የተለየ ተራ መጠበቅ ያስፈለገው ለዚሁ ነው፤ ከዚያ ተራ የታገደ ሰው የከፈለውንም ቦታውንም አብሮ ያጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በፕራይም ገንዘቡ የሚጠፋው ከቦታው ጋር ነው፤ በእኛው ጨዋታ ግን ገንዘቡ የሚከፈለው ቦታውን ላለማጣት ነው። ሁለቱም ኪስን ይነካሉ፣ የሚያስተምሩት ነገር ግን ተቃራኒ ነው። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ እንኳ፣ ደመወዛቸው በሚሊዮን የሚቆጠር አዋቂዎችን በቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም እንደ ዳኛ መሳደብ ባለ የሥነ ምግባር ጥፋት፣ ሲቀጣ በገንዘብ ብቻ አይተማመንም፤ በአንድ የውድድር ዘመን 16ኛው ላይ የደረሰ ተጫዋች ከገንዘቡ በተጨማሪ አንድ ጨዋታ ወጥቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ድርጅቱ ገንዘብን ከቅጣት ጨርሶ መለየት ካልፈለገ፣ መቀጮውን ትቶ መያዣ ቢያደርገው እመርጣለሁ። ደረጃ ወደሚሰጥበት ውድድር የሚገባ ሁሉ በመጫወት ብቻ የተገኘ፣ በካርድ የማይገዛ ሳንቲም ያስይዝ፤ ወቅቱን በሰላም ከጨረሰ ይመለስለት። ጥፋቱ በሰው ዓይን ታይቶ የተረጋገጠበት ሰው መያዣውንም የወቅቱንም ቦታ ይጣ፤ መያዣው አብረውት ለተጫወቱት አራት ሰዎች ይከፋፈል፣ ወደ ድርጅቱ ካዝና ግን አንድ ሳንቲም አይግባ። ከኢንተርኔት መቋረጥ ተመልሶ የገባ ሰው ጥሎ እንደወጣ አይቆጠር። እያንዳንዱ ቅጣት የተቀጣበትን ቃልና ሰዓት ይዞ ይምጣ። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ብቻ እንኳ ቢደረግ ግምገማዬን ለማሻሻል ዝግጁ ነኝ።

ለጊዜው የምሰጠው ከአምስት ኮከብ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ለጨዋታው ናቸው፣ ለመቀጮው የሚደርሰው የለም። ልጅ ላላቸው ወላጆች የምመክረው ካርዳቸውን ከአካውንቱ ላይ እንዲያነሱና የመቀጮውን ታሪፍ ልጃቸው ከማንበቡ በፊት ራሳቸው እንዲያነቡት ነው። በአራትና በአምስት ጓደኛ ተሰባስቦ በተራው ክፍል ለሚጫወት ሰው ጨዋታው አሁንም ጥሩ ነው፤ እኔም እንደዚያ እያደረግሁ ነው። ካርዴን ካነሳሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። ሦስተኛው አቤቱታዬ «በመታየት ላይ» ይላል፤ የዚያች ልጅ ስም ደግሞ በጓደኞች ዝርዝሬ ላይ አሁንም አለ፣ ከጎኑ ያለው መብራት እንደጠፋ ነው።